ምግብ ለምን ይቀነባበራል? ጤናን የሚነካውስ የቱ ጋ ነው?

«የተቀነባበረ ምግብ ራቁ» የሚለው ምክር አሁን አሁን የማይሰማበት ቦታ የለም። ሐኪሙ ይለዋል፣ የጂም አሰልጣኙ ይለዋል፣ ቲክቶክ ላይ ያለው ሁሉ ይለዋል። ምክሩ ውስጥ እውነት አለ። ግን እንዳለ እንውሰደው ካልን የምንበላው እናጣለን። ዱቄት የተቀነባበረ ነው። ዘይትም ነው። እርጎ፣ አይብ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የፈላ ወተት፣ ሁሉም የሰው እጅ የገባባቸው ናቸው። ከዛፍ ተቀጥፎ እዚያው አፍ ከሚገባ ፍሬ በቀር የሰው ልጅ ምንም ሳያደርገው የሚበላው ነገር ጥቂት ነው።

ስለዚህ «ይሄ ምግብ ተቀነባብሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። «ለምን ተቀነባበረ? ሲቀነባበርስ ምን ተወሰደበት፣ ምን ተጨመረበት?» ብሎ መጠየቅ ግን ይጠቅማል። አንዱ የሚቀነባበረው እንዳይመርዘን ነው። ሌላው እንዳይበላሽ ነው። ሌላው ደግሞ በርካሽ ተሠርቶ በብዛት እንዲበላ ነው። ሦስቱን በአንድ ሙቀጫ ስንወቅጣቸው ነው ነገሩ የሚምታታው።

እንዳይመርዝ፣ እንዳይበላሽ

ቀይ ቦሎቄን ውሰዱ። ጥሬው ውስጥ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ጥቂት ፍሬ እንኳ ሳይበስል ቢበላ በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ደህና አድርጎ ማንተክተክ መርዙን ያጠፋዋል። በዝቅተኛ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቢውል ግን ላይጠፋ ይችላል። መራራ ካሳቫም እንዲሁ ነው። ሲላጥ፣ ሲዘፈዘፍ፣ ሲብላላና ሲደርቅ ነው ሲያናይድ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር የሚወጣለት። እነዚህ ምግብ የሆኑት ስለተቀነባበሩ ነው።

ወተት በራሱ መርዝ የለውም። ጥሬው ግን ቲቢንና ብሩሴሎሲስን ጨምሮ ብዙ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፓስቸራይዜሽን የሚባለው ዘዴ ወተቱን 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ15 ሰከንድ ማቆየት ነው። በቃ፣ ይሄው ነው። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ እንዳለ ይቀራል፣ አንዳንድ ቫይታሚኖች ትንሽ ይቀንሳሉ። ከፍሪጅ ውጪ ለወራት የሚቆየው የካርቶን ወተት ደግሞ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንዶች ይሞቅና ከጀርም በጸዳ ማሸጊያ ይታሸጋል። «ይሄን ያህል የቆየው ኬሚካል ቢጨመርበት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የነበረው ጀርም ሞቷል፣ አዲስ ጀርም ደግሞ መግቢያ የለውም።

የታሸገ ምግብ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ሐሳብ ነው። ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ ምግብን ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከቶ፣ በቡሽ ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ ዕቃውን እንዳለ ውሃ ውስጥ ይቀቅለው ነበር። ምግቡ ለወራት ሳይበላሽ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1810 የፈረንሳይ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ሸለመው። የሚገርመው፣ ዘዴው ለምን እንደሚሠራ አፔርም ሆነ ሸላሚዎቹ አያውቁም ነበር። ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆናቸውን ሉዊ ፓስተር ያሳየው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ዛሬ የምናውቀው ደግሞ ማፍላት ብቻውን የማይገድለው ጀርም እንዳለ ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ይባላል። አየር በሌለበት፣ አሲድነቱ አነስተኛ በሆነ ምግብ ውስጥ ያድግና ነርቭን ሽባ የሚያደርግ፣ ከሚታወቁት ሁሉ ኃይለኛ የሆነ መርዝ ያመነጫል። ጠንካራ ዘሩ 100 ዲግሪ ላይ ቢፈላም ይተርፋል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች አትክልት፣ ሥጋና ባቄላ ሲያሽጉ በከፍተኛ ግፊት 121 ዲግሪ ድረስ የሚያሞቁት። ቆርቆሮው ያበጠ የታሸገ ምግብ ካገኛችሁ አትቅመሱት፣ ጣሉት። ለማረጋገጥ ብሎ ጫፉን መቅመስም አደጋ ነው።

ማድረቅ፣ በጨው ማሸት፣ በስኳር መዘፍዘፍ፣ ማብላላት፣ እነዚህ ሁሉ ከፋብሪካ በፊት የነበሩ ዘዴዎች ናቸው። ወይ ጀርሙን ውሃ ያሳጡታል፣ ወይ አሲድ ፈጥረው ያባርሩታል። ማቀዝቀዝም ብዙ የሚያሳስብ ጣጣ የለውም። እንደተለቀመ በሰዓታት ውስጥ በረዶ የሆነ አትክልት ቫይታሚኑን በደንብ ይዞ ይቆያል። ቀናት በመኪናና በመደርደሪያ ላይ ያሳለፈ «ትኩስ» አትክልት አንዳንዴ ከእሱ ያነሰ ነው የሚይዘው።

አንዳንዴም ማቀነባበር የጎደለን መሙያ ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922፣ አሜሪካ ደግሞ በ1924 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመሩ። ምክንያቱ እንቅርትና በአዮዲን እጥረት የሚመጣ የሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ችግር ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ፎሊክ አሲድ ዱቄት ላይ እንዲጨመር ግዴታ ካደረገች በኋላም በአከርካሪና በአንጎል ላይ ችግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ቀንሷል። ማቀነባበርን በጅምላ የሚኮንን ሰው እነዚህን ሕፃናት ቢያስብልኝ ደስ ይለኛል።

ሲቀነባበር የሚወሰደው

አሁን ወደ አንዲት የስንዴ ፍሬ እንምጣ። ከውጭ ፉርሽካው አለ፤ አሰሩ (ፋይበሩ)፣ ብረቱና ብዙው የቢ ቫይታሚን ያለው እዚያ ነው። መሐሏ ላይ ነጩ ክፍል አለ፤ እሱ በአብዛኛው ስታርች ነው። ጫፏ ላይ ደግሞ አዲሱ ተክል የሚበቅልባት ትንሽዬ ክፍል አለች። ትንሽ ብትሆንም ጥሩ ዘይትና ቫይታሚን ኢ የያዘች ናት።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ዱቄቱን የምታበላሸው ይህችው ጠቃሚ ክፍል ናት። ዘይቷ አየር ሲያገኘው ጠረኑ ይለወጣል። ሙሉ ፍሬው የተፈጨበት ዱቄት ብዙ አይቆይም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የብረት ሮለር ወፍጮዎች ሲመጡ ፉርሽካውንና ጫፏን ለይቶ ማውጣት ቀላል ሆነ። የተረፈው ነጭ ዱቄት ለወራት ይቆያል፣ ለስላሳ ዳቦ ይወጣዋል፣ ረጅም መንገድ ይጓዛል። የወጣው ግን ከምግቡ ዋናው ነገር ነበር።

በሩዝም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ዋጋው ደግሞ የሰው ሕይወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ክርስቲያን አይክማን የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም ጃቫ ደሴት ላይ ቤሪቤሪ የሚባለውን እግር የሚያሽመደምድና ልብን የሚያደክም በሽታ ያጠና ነበር። ጀርም ነው የሚያመጣው ብሎ ነበር የጀመረው። ታዲያ የቤተ ሙከራው ዶሮዎች ተመሳሳይ ሽባነት ያዛቸው። ቆይተው ደግሞ በራሳቸው ዳኑ። ሲያጣራ፣ የታመሙት ከሆስፒታሉ ማዕድ ቤት የተረፈ ነጭ ሩዝ ሲበሉ ነው። የዳኑት አዲስ ወጥ ቤት ያንን ሩዝ ከልክሏቸው ያልተፈተገ ሩዝ መብላት ሲጀምሩ ነው። መድኃኒቱ ሲፈተግ በሚጣለው ልባስ ውስጥ ነበር። ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 እንለዋለን። አይክማን ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ከዚህ በኋላ ብዙ አገሮች የተወሰኑ ቫይታሚኖችንና ብረትን ዱቄቱ ላይ መልሰው እንዲጨመሩ አደረጉ። ቤሪቤሪ የመሰለው በሽታ በዚህ ይከላከላል። አሰሩ ግን አይመለስም።

ከንጥረ ነገሩ ሌላ የምግቡ አካልም ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1977 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 10 ጤነኛ ሰዎችን በተለያየ ጊዜ ፖም አበሉ። አንዴ ሙሉውን፣ አንዴ ተፈጭቶ፣ አንዴ ጭማቂውን። በሦስቱም ውስጥ የነበረው የካርቦሃይድሬት መጠን እኩል ነበር። ጭማቂው ከሙሉው ፖም 11 ጊዜ ፈጥኖ አለቀ። ፍጥነቱን እኩል አድርገው ሲሞክሩት እንኳ ጭማቂው ከሁሉም ያነሰ አጠገበ። ከጭማቂው በኋላ ኢንሱሊን የበለጠ ከፍ አለ፣ የደም ስኳርም ወጥቶ ቁልቁል ወረደ። ልብ በሉ፣ የተፈጨው ፖም አሰሩ ሙሉ በሙሉ ነበረው። ግን መዋቅሩ ስለፈረሰ ከሙሉው ፖም እኩል አላጠገበም። ማሸጊያ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ይህንን አይነግራችሁም።

አንድ ተጀምሮ አስር እንዲበላ

እ.ኤ.አ. በ2009 የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲው ብራዚላዊ ካርሎስ ሞንቴይሮ ምግብን በንጥረ ነገሩ ሳይሆን በተቀነባበረበት መጠንና ዓላማ እንመድበው አለ። ኖቫ የሚባለው አመዳደብ የመጣው ከዚያ ነው። አራት ምድብ አለው። አንደኛው ያልተነካ ወይም ጥቂት የተነካ ነው፤ ፍራፍሬ፣ እህል፣ ወተት፣ እንቁላል። ሁለተኛው ማብሰያ ነው፤ ዘይት፣ ጨው፣ ስኳር፣ ቅቤ። ሦስተኛው ሁለቱ ተቀላቅለው የሚሠሩት ነው፤ ቀለል ያለ ዳቦ፣ አይብ፣ የታሸገ አትክልት። አራተኛው ዛሬ ዓለምን የሚያነጋግረው ነው፤ እጅግ የተቀነባበረ የሚባለው።

አራተኛው ምድብ የሚሠራው ከምግብ ተነጥለው ከወጡ ነገሮች ነው። በቆሎ ተበታትኖ ስታርች፣ የግሉኮስ ሽሮፕና ማልቶዴክስትሪን ይሆናል። አኩሪ አተር ወደ ዘይትና ወደ ፕሮቲን ዱቄት ይለያል። ከዚያ እነዚህ እንደገና ይደባለቃሉ፣ ቅርጽ ይሰጣቸዋል። የጠፋውን ጣዕም ማጣፈጫ፣ የጠፋውን መልክ ማቅለሚያ፣ የጠፋውን ውህደት ኢሙልሲፋየር የሚባለው ዘይትና ውሃን አዋሃጅ ይመልሰዋል። ለስላሳ መጠጦች፣ ቺፕስ መሳይ መክሰሶች፣ ጣፋጭ የቁርስ ሲሪያሎች፣ ቶሎ የሚደርሱ ኑድሎች፣ ናጌቶች፣ ቋሊማዎች፣ አብዛኞቹ እዚህ ይገባሉ።

ፋብሪካው ይህን የሚያደርገው ጥሬ ዕቃው ርካሽ ስለሆነ፣ ምርቱ ክረምት ከበጋ አንድ ዓይነት ጣዕም ስላለው፣ ሳይበላሽ ስለሚቆይና ትርፉ ጥሩ ስለሆነ ነው። እዚህ ውስጥ ሴራ መፈለግ አያስፈልግም። ግን ብዙ በተበላ ቁጥር ብዙ ይሸጣል። ይህን ምክንያት የያዘ ምግብ ጥጋብን የሚያፋጥን ሆኖ ይሠራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ውጤቱ በጥንቃቄ ተለክቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት ተቋሙ ውስጥ አስቀምጦ መገበ። ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ጥቂት የተነካ ምግብ። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ አሰርና ጨው በሁለቱም እንዲመጣጠን ተደርጓል። «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» ተባሉ። እጅግ የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨመሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በአማካይ 0.9 ኪሎ ወፈሩ። በሌላው ደግሞ ያንኑ ያህል ቀነሱ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሰዎቹ ሁለቱንም ምግብ እኩል ወደውታል ማለታቸው ነው። ስለጣፈጣቸው ብቻ አይደለም ማለት ነው። እጅግ የተቀነባበረውን ግን በፍጥነት ነበር የሚበሉት። ለስላሳ ነው፣ ብዙ አያሳኝክም፣ በአንድ ጉርሻ ብዙ ካሎሪ ይዟል። ሆድ «ይበቃል» የሚል መልእክት እስኪልክ ሳህኑ ባዶ ይሆናል።

ጥናቱ ትንሽና አጭር ነበር። ሰፋፊዎቹ ጥናቶች ደግሞ በአብዛኛው ሰዎች የሚበሉትን እየመዘገቡ ለዓመታት የሚከታተሉ ናቸው። እነሱ ይህን ምግብ የሚያበዙ ሰዎች ላይ ውፍረት፣ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም በብዛት እንደሚታይ ያሳያሉ። ግን እነዚያ ሰዎች ገቢያቸው ዝቅ ያለ፣ እንቅልፋቸው ያነሰ፣ ሲጋራም የሚያጨሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ተመራማሪዎች ይህንን በሒሳብ ለማጣራት ይሞክራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይወጣም። ሁለቱ ዓይነት ማስረጃዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከታቸው ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው።

ጨውና ስኳርን በተመለከተ ጉዳዩ ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ዓለም በአማካይ የሚበላው ከዚህ እጥፍ በላይ ነው። የታሸገ ምግብ በሚበዛባቸው አገሮች አብዛኛው ጨው የሚገባው ሰው ራሱ ከሚነሰንሰው አይደለም፣ ምግቡ ይዞት ይመጣል። የተጨመረ ስኳር ደግሞ በቀን ከሚበላው ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ለ2,000 ካሎሪ ይህ 50 ግራም ወይም 25 ግራም ማለት ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ጣሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ፈሳሽ ስለሆነ ደግሞ አያጠግብም።

የተቀነባበረ ሥጋ ብዙ የሚያወዛግብ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቋሊማና መሰሎቹን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጠላቸው ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገባቸው። ትምባሆም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ይህ ማለት ግን አደጋቸው እኩል ነው ማለት አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው። መጠኑ ይህን ይመስላል፦ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን አደጋ በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንበል ከ100 ሰው 5ቱ በዕድሜያቸው ይህ ካንሰር የሚይዛቸው ከሆነ፣ ወደ 6 ይጠጋል ማለት ነው። ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል፣ ለሚሊዮኖች ሲሆን ግን የዋዛ ቁጥር አይደለም። ሥጋው ላይ የሚጨመረው ናይትራይት ቦቱሊነምን ይከላከላል። ያው ናይትራይት ግን ካንሰር አምጪ ውህዶች ሊፈጥር ይችላል። አንዱ ንጥረ ነገር ጠባቂም ጎጂም ይሆናል።

የፈሳሽ ዘይትን ባሕርይ ለውጦ የማጠንከር ዘዴ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ርካሽ ነበር፣ ይቆያል፣ ከቅቤ ይሻላልም ተብሎ ነበር። ትራንስ ፋት የሚባለው ስብ የሚፈጠረው ሂደቱ በከፊል ሲከናወን ነው። መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ጥሩውን ይቀንሳል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ገደበችው፤ በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም አገሮች እንዲያስወግዱት ጥሪ አቀረበ።

ማሸጊያውን ማንበብ

አራተኛው ምድብ ውስጥ ያለ ሁሉ እኩል መጥፎ አይደለም። የሕፃናት ፎርሙላም እዚያ ነው የሚመደበው፤ የእናት ጡት ላላገኘ ሕፃን ግን ሕይወት ነው። ጥናቶች ላይ ክፋታቸው ጎልቶ የሚወጣው ጣፋጭ መጠጦችና የተቀነባበረ ሥጋ ናቸው። ከሙሉ እህል የተሠራ የታሸገ ዳቦና እርጎ ያን ያህል ለክፉ አይሰጡም። መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከመጠጡ ቢጀምር ብዙ ያተርፋል።

ማሸጊያው ፊት ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ዝርዝር አንብቡ። በዝርዝሩ መጀመሪያ የሚጻፈው በክብደት የሚበዛው ነው። እንበል አንድ ብስኩት «ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮዝ፣ ማር» ይላል። ስኳር ሁለተኛ ላይ ያለ ይመስላል። ግን ሽሮፑም፣ ዴክስትሮዙም፣ ማሩም ስኳር ናቸው። አንድ ላይ ቢደመሩ አንደኛ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። «በቫይታሚን የበለጸገ» የሚለው ደማቅ ጽሑፍ ይህንን አይለውጠውም። ጨውን በሶዲየም ብቻ ከጻፉት በ2.5 አባዙት፤ 2 ግራም ሶዲየም 5 ግራም ጨው ነው። ቁጥሩ ለሙሉ ፓኬቱ ነው ወይስ ለሁለት ፍሬ ብቻ የሚለውንም እዩ።

የማታውቁት ስም ሁሉ ግን አያስደንግጣችሁ። አስኮርቢክ አሲድ ቫይታሚን ሲ ነው። ሌሲቲን በእንቁላል አስኳል ውስጥም ያለ ነገር ነው። ለማብሰል ጊዜ የሌለው ሰው የታሸገ ባቄላና የቀዘቀዘ አትክልት ቢጠቀም አንዳች የሚያሳፍር ነገር የለውም። የቆርቆሮውን ባቄላ ውሃውን አፍስሶ ማለቅለቅ ብቻ ጨውን በደንብ ይቀንሰዋል።

ይህን ሁሉ ማንበብ ግን የእያንዳንዱ ሰው ሸክም ብቻ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ጎጂ ስብ ወይም ካሎሪ የበዛባቸው የታሸጉ ምግቦች ፊታቸው ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው በሕግ አስገደደች። ለልጆች ማስተዋወቅንም ገደበች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጡ ከለከለች። ከዚያ በኋላ የጣፋጭ መጠጦች ግዢ ሩብ ያህል ቀነሰ። አምራቾችም ምልክቱ እንዳይለጠፍባቸው ሲሉ የብዙ ምርቶቻቸውን ስኳርና ጨው ቀነሱ።